ጥርሴ ከእሑድ በፊት እንዲደርስልኝ ስለ መጠየቅ

ለክቡር የኢንተርኔት ካዚኖ ጨዋታዎች ውድድር ዋና ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

«ባሉበት» ማለቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ። ዕድሜዬን በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት የፈጀሁ፣ አድራሻው ያልተሟላ ደብዳቤ ከጠረጴዛዬ ወጥቶ የማያውቅ ሴት ነኝ። የእርስዎን አድራሻ ግን ገጽዎን ከላይ እስከ ታች በርብሬ ያገኘሁት የአንዲት ደሴት ስም ብቻ ነው፤ እሷንም የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ዘመኗ በተረፈ የካርታ መጽሐፍ ላይ ብታሳየኝ፣ ዝንብ የጣለችው ነጥብ መስላኝ በጥፍሬ ልፍቃት ምንም አልቀረኝም ነበር። እንግዲህ ደብዳቤዬ እንደ ዕድሉ ይድረስዎት፤ ስለ ዕድል ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ያሉበት ደሴት ነፋሻ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ ጤናዎ የተሟላ እንዲሆን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥርስዎ አንድም ሳይጎድል እስከ እርጅና እንዲዘልቅልዎ ከልብ እመኛለሁ። የጥርሱን ምኞት እንደ ቀልድ እንዳያዩብኝ፤ ሰው ለሰው ከልቡ የሚመኘው እሱ ራሱ ያጣውን ነው።

ጉዳዬን በአጭሩ ላቅርብ። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ሐኪም የቀሩኝን ጥርሶች ነቅሎ ጨረሳቸው። ብዙም አላዘንኩም፤ ምክንያቱም አንድ ልጄ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሪ ነው፤ ያውም ሐኪሞቹ ራሳቸው የእናቶቻቸውን የአፍ ልክ ይዘው የሚመጡለት ሠሪ። የእሱን ልጅ፣ ገና ትንሽ ሳለች እናቷ ስለሞተችባት፣ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ይህች የልጅ ልጄ በመጪው እሑድ ታገባለች። በግብዣው ላይ በእናት ቦታ ቆሞ የሚናገረው ማን ይሁን ተብሎ ሲመከር፣ አክስትም አጎትም ቢጠሩላት፣ «እማማ ካልተናገረችልኝ ማንም እንዳይናገርልኝ» ብላ ቁርጡን ተናግራለች። እኔም የምለውን አዘጋጅቻለሁ። ነገር ግን ያለ ጥርስ «ፍቅር» ልል ስሞክር የሚወጣው ነፋስ ብቻ ነው። ጥርሴ በልጄ እጅ ነው፤ ልጄ ደግሞ በእርስዎ እጅ ነው። ለሚመለከተው አካል በጽሑፍ ማመልከት ወግ ነውና፣ ይኸው አመለከትኩ።

ከዚህ በታች የማሰፍራቸውን ነጥቦች ቅሬታ ብሎ መጥራት ከአስተዳደጌ ጋር አይሄድም። ምስጋና ብያቸዋለሁ፤ እርስዎም በዚያው ስም ቢቀበሉኝ ደስ ይለኛል።

1ኛ. በመጀመሪያ፣ ለልጄ ስለሚያደርጉለት የማያቋርጥ እንክብካቤ ላመስግንዎት። እኔ እናቱ ስደውልለት ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ በመጨረሻም እንደ እኔው ደክሞት ዝም ይላል። የእርስዎ ውድድር ሊጀመር ሲል ግን ከዚያው ስልክ ሳንቲም እንደ በረዶ ሲዘንብ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ልጄ እንኳን ለመስማት ለመብረርም ዝግጁ ነው። የሚሠራው ከአንድ ሕንጻ ምድር ቤት ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። በአንድ ወገን የደንበኞች መንጋጋ በጀሶ ተቀርጾ በመደርደሪያ ላይ አፉን ከፍቶ ተደርድሯል፤ በሌላው ወገን ሰም የሚያቀልጥባት ትንሽ እሳት፣ ጥርስ የሚሞርድበት ሞተር፣ ከነጭ እስከ ቢጫ የጥርስ ቀለም የተሰካበት ሰሌዳ አለ። ድሮ እዚያች ክፍል ውስጥ ሲሠራ ጣሪያው ቢወርድ አይሰማም ነበር። አሁን ሳንቲሙ ሲዘንብ የያዘውን መንጋጋ፣ የድሃ ይሁን የሀብታም፣ ባለበት ጥሎት ይነሳል።

የመጀመሪያው ጥርሴ ሳይደርስልኝ የቀረው በዚህ መንገድ ነው። በሰም ላይ ተተክሎ፣ እኔ አፌ ውስጥ ልሞክረው ቀጠሮ ተይዞልኝ፣ መነጽሬን ጠርጌ መንገድ ላይ ሳለሁ፣ ልጄ ከእሳቱ አጠገብ አስቀምጦት ወደ እርስዎ ውድድር ገባ። እኔ ስደርስ ጥርሶቼ በቀለጠው ሰም ላይ በቀዘቀዘ ሾርባ ላይ እንደቀረ ሩዝ ተበታትነው ነበር። ልጄ ቀና ብሎ «እማዬ፣ አሁን አስራ ሁለተኛ ነኝ» አለኝ። እኔም እናት ነኝና፣ ከስንት እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ፣ ጎሽ አልኩት።

ይህ ብቻ አይደለም። በልደቱ ቀን ከማንም ቀድመው «እንኳን ተወለድክልን» ያሉት እርስዎ ነዎት። ያማጥኩት እኔ ሁለተኛ ወጣሁ። ለዚህ ብልጫዎ እንኳን ደስ ያለዎት።

2ኛ. «ውድድር» ስለሚሉት ነገር። ይህ ቃል ለእኔ እንግዳ አይደለም፤ በወጣትነቴ የጽሕፈት መኪና ውድድር ገብቼ አውቃለሁ። በውድድሩ ላይ ያሸነፈችኝ ከሒሳብ ክፍል የመጣች ግራኝ ልጅ ነበረች። ጣቶቿ ሲሮጡ ዓይቼ፣ ቅናቴን ዋጥ አድርጌ፣ ይገባታል ብዬ አጨበጨብኩላት። በልጄ ውድድር ግን የሚሮጥ ነገር ፈልጌ አጣሁ። አንድ ጣት አንዲት አዝራር ትጫናለች፤ ፍራፍሬዎችና ዘውዶች ይሽከረከራሉ፤ ደስ ባላቸው ጊዜ ይቆማሉ፤ ነጥብ ይሰጣል። ልጄ ስልት አለው ስላለኝ፣ ዕድሜ ከመማር አይከለክልምና፣ ስልቱን እንዲያስተምረኝ ለመንኩት። ጥቂት አሰበና «ቶሎ ቶሎ መጫን ነው» አለኝ። እንዲያ ከሆነ በዚህ ከተማ ውስጥ አሳንሰር የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ያልታወቀለት ሻምፒዮን ነው።

3ኛ. ስለ ዳኛው ጥርስ። ይህን ሳነሳ ብዕሬን አጥብቄ ስለምጫን የፊደሌን አጣጣል ይቅር ይበሉኝ።

በልጄ ሙያ ውስጥ አንድ የማይጣስ ሕግ አለ። የአፍ ልክ በጀሶ ሲሞላ፣ ጀሶው ገና እርጥብ ሳለ፣ ሥሩ ላይ የባለቤቱ ስም በምስማር ይጫራል። ጀሶ ከደረቀ በኋላ ሁሉም ድድ ድድ ነው፤ የባለጸጋውም የጽዳት ሠራተኛውም አንድ ነው። ይህንን ሕግ ልጄ ለስንት ተለማማጅ በቁጣ እንዳስተማረ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። ታዲያ በዚያች ቀን ሁለት ልኮች ጎን ለጎን ሊደርቁ ተቀምጠው ነበር፤ አንዱ የእኔ፣ ሌላው የአንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ። ልጄ ምስማሩን አነሳ። የእርስዎ ሳንቲም ዘነበ። ምስማሩን አስቀመጠ።

ውድድሩን ጨርሶ ሲመለስ ጀሶው ደርቆ ጠበቀው። ሁለታችንንም ጠርቶ እንደገና መለካት ይችል ነበር። ነገር ግን ከእርስዎ ጋር የዋለ ሰው እንዲህ ያለውን አድካሚ ነገር ለምን ያደርጋል፤ ሁለቱን አፎች ትክ ብሎ አያቸው፣ ግማሽ ለግማሽ ነው ብሎ አሰበ፣ በአንደኛው ላይ የእናቱን ስም በብዕር ጻፈበት። ልጄ ዕድሉን በእናቱ አፍ ላይ ሞከረ፤ ተሸነፈም። ይህንን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ሲነግረኝም እንደ ጥፋት ሳይሆን እንደ መጥፎ ዕድል አድርጎ ነበር። ያንገበገበኝ ስህተቱ አይደለም፣ ይህ አነጋገሩ ነው።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የሰው ጥርስ ደግሞ ጭራሹን አያናግርም። ዳኛው ትልቅ ሰው ናቸው፤ አፋቸውም እንደ ማዕረጋቸው ነው። በእሳቸው ጥርስ ስናገር እያንዳንዱ ቃል ፉጨት ይቀላቀልበት ነበር፤ ያም ሆኖ አዲስ ጥርስ መልመድ ጊዜ ይፈልጋል ብዬ ጥርሴን ነክሼ፣ ይቅርታ፣ ጥርሳቸውን ነክሼ ቻልኩት። ታዲያ የሙሽራው ወላጆች ለትውውቅ ወደ ቤታችን የመጡ ዕለት፣ ቤቱ ተወልውሎ፣ መጋረጃው ታጥቦ፣ እኔም እንደ ወጉ ከመቀመጫዬ ተነስቼ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ልል አፌን ስከፍት፣ ከሰላምታዬ ቀድሞ ጥርሱ ወጣ። ያረፈውም የሙሽራው እናት ፊት ባለው የሻይ ማስቀመጫ ሳሕን ላይ ነው። ሴትዮዋ የጨዋ ልጅ ናቸው፤ እንዳላየ ሰው ሆነው ስኳር እንዲቀርብላቸው ጠየቁ። ከዚያ በኋላ እስኪሄዱ ድረስ አፌን በእጄ ሸፍኜ ራሴን እየነቀነቅኩ ተቀመጥኩ። ኩሩ ሴት ናት ብለው ሳይሄዱ አልቀሩም።

የልጅ ልጄ ወጥ ቤት ገብታ ስትስቅ ሰማኋት። እኔም ልስቅ ተከትያት ገባሁ። ለካስ ሳቁ አልቆ ኖሯል፤ ዕቃ ማጠቢያው ላይ ተደግፋ ታለቅስ ነበር።

ዳኛውስ ምን ሆኑ ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። የእኔ ጥርስ ለእሳቸው ጠበባቸው። ዕድሜያቸውን ሲወስኑ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ወደ ልጄ መመለስ እንደ ሽንፈት ታያቸውና፣ ሞረድ ገዝተው ከውስጥ ፍቀው ፍቀው ለራሳቸው አመቻቹት። የተፋቀ ጥርስ መልሶ አይሰፋም። እንዲህ ሆኖ ሁለተኛው ጥርሴ ይግባኝ በሌለው ፍርድ ተወሰደብኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

4ኛ. ስለ ሽልማቱ። አንድ ጊዜ ልጄ ሦስተኛ ወጥቶ ነበር። ደረጃውን እየዘለለ ወጥቶ፣ በሩን በርግዶ፣ ሁላችንንም አስቀምጦ አበሰረን። ፊቱ እንደ ልጅነቱ በርቶ ስላየሁት፣ እውነቱን ልናገርና፣ እኔም ልቤ ሞቆ ነበር። ከዚያ ሽልማቱን አብራራልን። አንደኛው ክፍል ቦነስ የሚባል ነው፤ የእሱ ነው፣ ነገር ግን መውሰድ አይችልም፤ ለመውሰድ መጀመሪያ ደጋግሞ ሊያሽከረክረው ይገባል፤ ሲያሽከረክረውም ሊያልቅ ይችላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ትኬት ነው። ልጁ በለሰለሰ ድምፅ «ታዲያ አባዬ፣ ያሸነፍከው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው። «መግቢያ» አላት። «ወዴት?» አለችው። ልጄ የሚቀጥለው ውድድር መቼ እንደሆነ ስልኩ ላይ ማየት ጀመረ።

በነገራችን ላይ እኔ በዚያ በጽሕፈት መኪናው ውድድር ሁለተኛ ወጥቼ ጃንጥላ ተሸልሜያለሁ። ብዙ ክረምት አሳልፎኛል። ልከፍተው በፈለግኩ ቁጥር መጀመሪያ ደብዳቤ ጻፊ ብሎኝ ግን አያውቅም።

5ኛ. ስለ «ዕድለኛዋ ቢራቢሮ»። ልጄ በእርስዎ ዘንድ የሚታወቀው «ክራንቻው» በሚለው ስም እንደሆነ ተረድቻለሁ፤ ያወጣሁለት ስም ምን እንደጎደለው አላውቅም። «ክራንቻው» ሊያሸንፍ በተቃረበ ቁጥር በመጨረሻዋ ደቂቃ በጥቂት ነጥብ የምትቀድመው ይህች ቢራቢሮ ናት። አትታመምም፣ ምሳ አትበላም፣ ዘመድ አይሞትባትም። ልጄ ስለ እሷ በቁጭት ሲያወራ በመስኮት የሰሙ ጎረቤታችን፣ ሚስት ሊያገባ መስሏቸው፣ መጥተው እንኳን ደስ አለሽ ብለውኛል። ሰው ከሆነች ለእናቷ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ሴትዮዋን ባላውቃትም የሆነ ቦታ ተቀምጣ የሆነ ነገር እየጠበቀች እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ሰው ካልሆነች ደግሞ፣ ልጄ ከማን ጋር እየተወዳደረ እንደሚያረጅ ቢነግሩት ነውር የለውም።

6ኛ. ስለ ራሴ አስደናቂ እድገት። ነገሩ ሲብስብኝ፣ የልጄ መዝገብ እንዲዘጋልኝ ለመጠየቅ በገጽዎ ላይ «እንረዳዎታለን» ወደሚለው ሳጥን ገብቼ፣ ቀንና ጉዳይ ያለበት፣ ሥርዓቱን የጠበቀ ማመልከቻ ጻፍኩ። መልሱ ገና ጣቴን ከአዝራሩ ላይ ሳላነሳ ደረሰኝ። «ውድ ተጫዋች፣ እንኳን በደህና መጡ!» ይላል። ሲቀጥልም፣ መዝገብ የሚዘጋው ባለቤቱ ራሱ ሲጠይቅ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ቢጠይቅ በጉዳዩ ላይ ተረጋግቶ እንዲያስብበት የመጠባበቂያ ጊዜ እንደሚሰጠው አስረዳኝ። ጥንቃቄዎን አደነቅኩ። ሲገባ ማንም አስብበት አላለውም ነበር። ለመግባት አንድ ጣት፣ ለመውጣት ሽማግሌ።

በዚያ ሳጥን ውስጥ ስልክ ቁጥሬን ስላስገባሁ እኔም ተመዝግቤ ኖሯል። የእንኳን ደህና መጡ ስጦታ ተሰጠኝ፤ የነሐስ ደረጃ ተጫዋች ተባልኩ። ዕድሜ ልኬን ባገለገልኩበት መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ፈጣን እድገት አግኝቼ አላውቅም። አሁን የእኔም ስልክ ሳንቲም ያዘንባል። በቀደም ዕለት ሐኪም ዘንድ ወረፋ ስጠብቅ ቢዘንብብኝ፣ አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት ቦርሳዬን እያዩ፣ «እትዬ፣ ተጠንቀቂ፣ ሰው መጥፎ ነው» ብለው መከሩኝ። ልክ ብለዋል አልኳቸው።

ክቡር ሆይ፤ እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ለመሳቂያ ይሁንዎት። አሁን የማይሳቅበትን ልበል።

የእርስዎ ታላቁ የፍጻሜ ውድድር የሚካሄደው በዚሁ በመጪው እሑድ፣ እኔ ለመናገር በምነሳበት ሰዓት ነው። ልጄ ይህንን ለልጁ የነገራት የሠርግ ልብሷ በልኳ እየተሰፋ፣ እሷ ወንበር ላይ ቆማ፣ ሰፊዋ ታች ተንበርክካ ጠርዙን በመርፌ ቁልፍ ስትይዝላት ነው። «አንዴ ብቻ፣ ለትንሽ ወጣ ብዬ እመለሳለሁ፤ ማንም ልብ አይለውም» አላት። እሷም «እሺ አባዬ» አለችው። ይህችን «እሺ» አውቃታለሁ። እናትሽ አትመለስም ያልኳት ዕለትም ያለችኝ «እሺ» ነው። ያን ዕለትም አላለቀሰችም።

ልጄን አልጠላውም፤ እንዳይመስልዎት። ልጄ ለአንድ ሽማግሌ ጥርስ ሲሠራ የወጣትነት ፎቶግራፋቸውን አስመጥቶ ድሮ እንዴት ይስቁ እንደነበር ካላየ ሥራ የማይጀምር ሰው ነበር። የፊት ጥርሳቸው ትንሽ የተጣመመ ከነበረ እሱንም አጣሞ ይሠራላቸዋል፤ ሚስቶቻቸው እያለቀሱ ይመርቁት ነበር። አሁን ያ ሰው የእናቱን አፍ ከዳኛ አፍ መለየት አቃተው። በጣም አዝኛለሁ። ተናድጃለሁም። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ መናደድ ለልብ ጥሩ አይደለም ቢሉኝም፣ ልቤም እኮ የእሱ እናት ልብ ነው፤ ወዴት ይሂድ።

ሦስተኛው ጥርሴ በአሁኑ ሰዓት በመደርደሪያው ላይ ነው። ጀሶው ሥር ያለውን ስም በምስማር የጫርኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ሳይደርቅ፣ በትልልቅ ፊደል። የቀረው የድዱ ፕላስቲክ እንዲጠነክር መቀቀልና ማለስለስ ብቻ ነው፤ ልጄ ልቡን ከሰበሰበ ከአንድ ቀን ሥራ አይበልጥም። በየቀኑ ነገ ይለኛል። ነገ ማለት የእርስዎ ውድድር የሌለበት ቀን ከሆነ፣ እንዲህ ያለ ቀን በቀን መቁጠሪያዬ ላይ አላገኘሁም።

ስለሆነም ልመናዬ የሚከተለው ነው። ልጄ የእኔን ድምፅ አይሰማም፤ የእርስዎን ግን ይሰማል። እንግዲህ ከሳንቲሙ ድምፅ ጋር አንዲት መልእክት እንዲልኩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። እንዳይደክሙ በራስዎ አጻጻፍ አሰናድቼዋለሁ፦

«እንኳን ደስ አለህ፣ ክራንቻው! ለታላቁ ውድድር አልፈሃል። ቦታ፦ የልጅህ ሠርግ። መግቢያ፦ የእናትህ ጥርስ። ተፎካካሪ፦ የለም። ይህ ዕድል አይደገምም።»

ለመልእክቱ ወጪ የእንኳን ደህና መጡ ስጦታዬን ሙሉ በሙሉ ለቅቄልዎታለሁ። እኔ ላወጣው አልቻልኩም፤ እርስዎ የቤቱ ባለቤት ስለሆኑ ምናልባት ይሳካልዎት ይሆናል።

ለልጄ ስለሰጡት ደረጃ፣ ለእኔ ስለሰጡኝ ማዕረግ፣ ለቤታችን ስላወረዱልን ጸጥታ በድዴ ፈገግ እያልኩ የማመሰግንዎት፣ ደሴትዎ በውኃ እንዳይዋጥ ዘወትር የምጸልይ፣

አክባሪዎ፣
የ«ክራንቻው» እናት፣
ጡረታ የወጣች ጸሐፊ፣
ያለ ፈቃዷ የነሐስ ደረጃ ተጫዋች።

ግልባጭ፦
- ለ«ዕድለኛዋ ቢራቢሮ»፣ ካለች፤
- ለክቡር ዳኛው፣ ከነጥርሴ፤
- ለልጄ፣ በሁለት ውድድሮች መካከል ፋታ ካገኘ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህንን ደብዳቤ ጨርሼ ሳልልከው ትናንት ገጽዎ ተበላሸ። «ለጥገና ተዘግተናል፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነበር የሚታየው። ልጄ ጠዋት ስልኩን ከፈተው፣ ዘጋው፣ ነቀነቀው፣ ወደ መስኮት ወስዶ ከፍ አድርጎ ያዘው። የሚይዘው የሚጨብጠው ሲያጣ ወደ ሥራው ወረደ። ከሰዓት በኋላ ጥርሴን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። ልክ ነው፤ አይነቃነቅም፤ አያፏጭም፤ እንዲያውም የፊቱን ጥርስ ድሮ እንደነበረው ትንሽ አጣሞልኛል። ሳልነግረው ከየት አስታወሰው ብዬ ስገረም፣ ወንበር ስቦ ከእኛ ጋር ለመብላት ተቀመጠ፤ የሚያገባት ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነም ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቃት። እስኪመሽ ድረስ ነገረችው። ዛሬ ጠዋት ገጽዎ ተጠግኗል፤ ሳንቲሙም ዘንቧል። ስለዚህ ከላይ የጠየቅኩትን መልእክት ሰርዤዋለሁ፤ አይድከሙ። እሑድ የምናገርበት ጥርስ አለኝ። አባቷ ተቀምጦ እንዲሰማኝ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ በዚያች ቀን እባክዎን አንዴ ይበላሹልኝ።